የሆሳዕናው ዘንባባ፤ ከጉለሌ እስከ ጌራ ጫካ

ከሰበታ ወዲያ ዓለም ያለ ለማይመስላችሁ የጉለሌ ጎረቤቶቼ ነው ይህን የምጽፈው። ሄዳችሁ የምታውቁም አንብቡት፤ ያጋነንኩት ቦታ ካለ ግን በሆዳችሁ ያዙት። ጉዞውን የተጓዝኩት ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት ነው። ያኔ ልጽፈው አልቻልኩም። ወረቀት አልነበረም፤ ወረቀት የተገኘበት ሰውም ምን ልትጽፍበት ነው ይባል ነበር። ደግሞ እኔ ፊደል የቆጠርኩት ወንድሜ ከየኔታ ዘንድ መጥቶ ሲያጠና ፊት ለፊቱ ቁጭ ብዬ ስለሆነ፣ ለብዙ ጊዜ ማንበብ የምችለው መጽሐፉን ዘቅዝቄ ስይዝ ብቻ ነበር። አሁን ቀንቶኛል፤ ከሞላ ጎደል።

የሄድኩት ለዘንባባ ነው። ለደብራችን የሆሳዕና ዘንባባ ከጥንት ጀምሮ በነጋዴ በቅሎ ይመጣ የነበረው ከጅማ ወዲያ ካለ ጫካ ነው። ጣሊያን ሲገባ በቅሎዎቹ ለመንገድ ሥራ ተወሰዱ፣ ዘንባባውም ቀረ። በመጀመሪያው ዓመት አለቃችን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ "ጥድም የእግዚአብሔር ዛፍ ነው" ብለው ከእንጦጦ ጥድ አስቆርጠው አደሉን። የጥድ ቀለበት ጣታችሁ ላይ አስራችሁ ታውቃላችሁ? ሕፃናቱ "ሆሳዕና በአርያም" ያሉት እያለቀሱ ነው።

ከሁሉ የተናደዱት እማማ ስህን ነበሩ። አርባ ዓመት ሙሉ የደብሩን ዘንባባ እየሰነጠቁ ቀለበቱን፣ መስቀሉን፣ የራስ ማሰሪያውን የሚጎነጉኑት እሳቸው ናቸው። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ ጣታቸው ግን ያያል፣ ምላሳቸው ደግሞ ከጣታቸው የበለጠ ያያል። ጥዱን ዳሰስ አደረጉና፣ "ይኼን ወስዳችሁ ለአለቃ ከመቀመጫቸው አንጥፉላቸው፤ እንዴት እንደሚወጋ እሳቸውም ይዩት" አሉ።

በዓመቱ ጾሙ ሲጋመስ በሴቶቹ ማኅበር ያው ወሬ ተነሣ። ሰፈራችን ያን ጊዜ የተጎዳ ሰፈር ነበር። በዚያ በክፉው የካቲት ከየቤቱ የተወሰዱት ወንዶች አልተመለሱም። ጎረቤቴ የሺ ባሏ የት እንደወደቀ አታውቅም፤ ሬሳ የለምና ለቅሶ እንኳ በወጉ አልተቀመጠችም። ያን የመሰለ ሰፈር ሁለተኛ ሆሳዕናውን በጥድ ሊያከብር ነው ሲባል፣ አፌ ቀደመኝና "እኔ ሄጄ አመጣለሁ" አልኩ።

ሳቁብኝ። አለቃም በዚያው ነበሩና፣ "ተዋበች፣ አንቺ አራት ኪሎ ደርሰሽ ስትመለሺ የሦስት ቀን ወሬ ተሸክመሽ የምትመጪ፣ ጅማ ደርሰሽ ከመጣሽ ማን ሊችልሽ ነው?" አሉ።

"ትሂድ!" አሉ እማማ ስህን። "ስሚኝ ልጄ፣ የተዘረጋ ቅጠል እንዳታመጪ። እሱ መጥረጊያ ነው። ከመሃል ገና ያልተፈታውን፣ እንደ ሰይፍ ቀጥ ብሎ የቆመውን፣ ነጣ ያለውን አምጪ። እሱን ካጣሽ እዚያው ቅሪ።"

ከተናገርኩ በኋላ መመለሻ የለም። ያን ጊዜ ያለ ይለፍ ወረቀት ከከተማ አይወጣም ነበርና ወደ ጣሊያኑ ጸሐፊ ሄድኩ። በአስተርጓሚ "መቼ ትመለሻለሽ?" አለኝ። "ለሆሳዕና" አልኩ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ነገር አየ፣ በጣቱ ቆጠረ፣ ቀን ጻፈበት፣ ማኅተም መታበት። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ እጅ ነሥቼ ወጣሁ። እጅ መንሣቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ረቡዕ

በሶዬንና ዳቦ ቆሎዬን ቋጥሬ ገና በጨለማ ከጉለሌ ወረድኩ። ወደ ጅማ የሚሄደው ካሚዮን የጫነው ሲሚንቶ ነበር፤ እኛ ደግሞ ከሲሚንቶው በላይ። አብረውኝ ሁለት የወልቂጤ ሰዎች ነበሩ። ሾፌሩ ፔፖ የሚሉት ወፍራም ጣሊያን ሲሆን፣ መንገዱን ሙሉ ይዘፍናል። ሰበታ ሳንደርስ ጎማ ፈነዳ። ፔፖ ወርዶ ጎማውን እየፈታ "ማዶና! ማዶና!" እያለ ይጮኻል።

"እንዴት ያለ ጻድቅ ነው፣ እመቤታችንን እየተማጸነ ይሠራል" አልኩ።

"አይ እታለም" አለኝ አንደኛው የወልቂጤ ሰው፣ "እየሰደባት ነው።"

አማተብኩ። እኛ ስሟን ሳንጠራ ሥራ አንጀምርም፤ ይኼ ደግሞ እሷን ሳይሰድብ ብሎን አይፈታም። ጎማው ግን ተሠራ። እመቤቴ ታጋሽ ናት።

መንገዱ እየተሠራ ስለሆነ ካሚዮኑ ይዘላል፣ ሲሚንቶው ከየከረጢቱ ይተናል። ወሊሶ ስንደርስ ሦስታችንም የኖራ ምስል መስለናል። ፍልውሃ አለ ሲሉኝ ደስ አለኝ፤ ጉለሌ ላይ የሞቀ ውኃ ማለት እንጨት ነው፣ እንጨት ማለት እንጦጦ ወጥቶ መውረድ ነው፤ ወሊሶ ግን ከመሬት በነጻ ይፈልቃል። ጭንቅላቴን ነከርኩት። የግንበኛ ልጅ ብሆን ኖሮ ሲሚንቶና ውኃ ምን እንደሚሆኑ አውቅ ነበር። ፀጉሬ ደረቀ። ማለቴ፣ ድንጋይ ሆነ።

ያሳደሩኝ ወይዘሮ አመለወርቅ የሚባሉ ሴት ናቸው። ከዚያ በፊት አይተውኝ አያውቁም። በራቸው ላይ ቆሜ ሳለቅስ አዩኝና፣ ከጭናቸው ላይ አስተኝተው በወስፌ ቂጥ ቀስ እያሉ ጭንቅላቴን ይሰብሩ ጀመር። ቅቤ ሊቀቡኝ ሲያመጡ፣

"ጾም ነው እኮ እትዬ" አልኩ።

"ልትበይው ነው?"

"አይ።"

"ፀጉርሽ አፍ አለው?"

"የለውም።"

"በይ ዝም በይ።"

ፀጉሬ ግማሹ ተረፈ። ሲሸኙኝም የሱፍ ፍትፍት ቋጥረውልኛል። እሳቸውን የመሰለ ሰው ጉለሌም አለ፤ ግን እኛ መጀመሪያ ስቀን ነው በኋላ የምንረዳው።

ሐሙስ

ወደ ግቤ ቁልቁል። ጉለሌ በሚያዝያም ጋቢ አይወልቅም፤ ግቤ በረሃ ሲወረድ ግን መጀመሪያ ጋቢው፣ ቀጥሎ ነጠላው፣ ቀጥሎ ኃፍረቱ ይወልቃል። ፔፖ በካናቴራ ቀረ።

ምሳ ሰዓት ላይ ፔፖ የዓሣ ቆርቆሮ ከፍቶ "ማንጃ፣ ማንጃ" አለን። ዓሣ በዓቢይ ጾም ይበላል አይበላም የሚል ክርክር ተነሣ። አንደኛው የወልቂጤ ሰው ሐዋርያትን ጠቀሰ፣ ሁለተኛው የሚስቱን አባት ጠቀሰ፣ እኔ አለቃን ጠቀስኩ። ክርክሩ ሳያልቅ ፔፖ ቆርቆሮውን ጨረሰው።

እውነቱን ለመናገር ጅማ ድረስ የመሄድ ሐሳብ አልነበረኝም። ግቤ ዳር ዘንባባ አለ ሲባል ሰምቼ፣ እዚያው ቆርጬ ልመለስና በልቤ "ሞኞች" ልላችሁ ነበር። ድልድዩ ጋ ወርጄ ወንዙን ዳር ለዳር ብመለከት፣ ያለው የተቆረጠ ጉቶ ብቻ ነው። መንገድ ሠሪዎቹ ለጎጇቸው ክዳን ጨርሰውታል። ወረቀቴን ያየው አስካሪ፣ ለጣሊያን ያደረ ወታደር፣ ባሻይ ወልዱ የሚሉት ረጅም የሐማሴን ሰው፣ ዓይኔን ተከትሎ አየና፣ "ምን ጠፋሽ?" አለኝ። "ምንም" ብዬ ወደ ካሚዮኑ ተመለስኩ። ከአስካሪ ጋር የማወራው ምን አለኝ? ማታ ዳገቱን ወጥተን አበልቲ አደርን፤ ግቤ ውስጥ ወባ ካልሆነ በስተቀር ማንም አያድርም።

ዓርብ

ጅማ። ከተማው ዳገት የለውም፤ ሰው እንዴት እንደሚደክመው እንጃ። ለደብራችን ዘንባባ ያመጡ የነበሩትን ነጋዴ፣ ሐጂ ኑሩን፣ ጠይቄ አገኘኋቸው። ነጭ ጢማቸውን እያፍተለተሉ ከደጃቸው ተቀምጠዋል።

"ከጉለሌ ነኝ" ብላቸው ተነሥተው ቆሙ።

"አለቃ ደህና ናቸው? ያቺ ተሳዳቢዋ ዓይነ ስውርስ?"

"ደህና ናቸው። ዘንባባ አጥተው እየተሳደቡ ነው።"

"ዘንድሮ እሑድ ሳምንት ነው አይደል ሆሳዕናችሁ?" አሉኝ። እስላም ናቸው፤ ግን የሆሳዕናን ቀን ከአለቃ አስቀድመው ያውቃሉ። ሠላሳ ዓመት በእሱ ጭነዋላ።

ቤታቸው አስገብተው አበሉኝ። አማቻቸው ለጣሊያን መጋዘን የሚሠራ ነው፤ የይለፍ ወረቀቴን ተቀብሎ ሲያነብ ፊቱ ተለወጠ።

"እታለም፣ ይኼ የሚያበቃው ከነገ ወዲያ እሑድ ነው።"

"እንዴት ተብሎ? ለሆሳዕና ነው እኮ ያልኩት!"

"የእነሱ ሆሳዕና ከነገ ወዲያ ነው። የእናንተ በሳምንቱ ነው። ጸሐፊው በራሱ ቆጥሯል።"

ጉድ ፈላ። ሁለት ዓይነት ሆሳዕና መኖሩን በዕድሜዬ ያን ቀን ሰማሁ። ጌታ ኢየሩሳሌም የገባው አንድ ቀን መሰለኝ እንጂ፣ አንዴ ለጣሊያን አንዴ ለእኛ ይመላለስ ነበር እንዴ? አማችየው ግን አልሳቀም። ወረቀቱ ያለፈበት ሰው ግቤ ላይ ከተያዘ መታሰር አለ፣ ሲቀና ደግሞ ዕቃው ተወርሶ ወደመጣበት መመለስ ነው። ነገ ጠዋት አዲስ አበባ የሚሄድ ካሚዮን ስላለ፣ ባዶ እጄን በእሱ ብመለስ በወረቀቴ እደርሳለሁ።

ሐጂ አዩኝ። "ምን ይሻልሻል?"

እማማ ስህን "እዚያው ቅሪ" ያሉኝ ታወሰኝ። የሺም ታወሰችኝ። "ጫካው ስንት ቀን ነው?" አልኩ።

ቅዳሜ

ሐጂ ለማያውቁት መንገደኛ አሳልፈው አልሰጡኝም፤ እንደ ጣሊያን ሳይሆን እንደ ሰው አሰቡልኝ። በቅሎዎቻቸው ሲወሰዱ አንዲት ያነከሰች ቀርታ ነበር። እሷን ጭነው፣ ራሳቸው በእግር፣ እኔም በእግር፣ ጌራ ወዳለችው እኅታቸው ተነሣን። መንገዱን ሙሉ ለበቅሎዋ ያወሩላታል፣ እኔን ግን "ፍጠኚ" ብቻ ይሉኛል። ማታ አንድ ገበሬ ቤት የተቀቀለ ጎደሬ በጨው በላን። ጎደሬ ማለት ድንች ሆኖ ለመወለድ አስቦ ሐሳቡን የቀየረ ነገር ነው። ርቦኝ ስለነበር ጣፈጠኝ።

እሑድ

የጣሊያን ሆሳዕና፤ ወረቀቴ ሞተ።

ያን ቀን ነው ጫካ የገባሁት። እናንተ ጫካ ስላችሁ የእንጦጦን ባሕር ዛፍ አታስቡ። የእኛ ባሕር ዛፍ እንደ ወታደር ተሰልፎ ቆሞ፣ በመሃሉ ፀሐይ እንደ ልቧ ትመላለሳለች። የጌራ ጫካ ግን ገበያ ነው። ከላይ ቀረሮ የሚሉት ረጅሙ ዛፍ ሰማይ ይዟል፤ ከሥሩ ሌላ ዛፍ፣ ከሥሩ ሌላ፤ በግንዱ ላይ ሐረግ፣ በሐረጉ ላይ ሽበት የመሰለ ነገር፣ መሬቱ ላይ ኮረሪማ። አንዱ በአንዱ ትከሻ ላይ ነው። ዝናብ ካቆመ በኋላም ቅጠሉ ለብቻው ሲያዘንብ ይውላል። ጉሬዛዎቹ በነጭና ጥቁር ካባቸው ቅርንጫፍ ላይ ተደርድረው ቁልቁል ሲያዩኝ፣ ቁርጥ ማኅሌት ያደሩ ደብተራዎች መሰሉኝ፤ ሥራ ፈትነታቸውም ያው ነው።

ከሰዓት በኋላ የሐጂ እኅት፣ አዴ ዘሃራ፣ ቤት ደረስን። ኦሮምኛ ስናገር ሴቶቹ አፋቸውን ይዘው ሳቁ። የጉለሌ ኦሮምኛ ለእነሱ የአለቃ ስብከት ይመስላቸዋል። ወተት አቀረቡልኝ፤ ጾም ነው አልኩ። እርጎ አቀረቡልኝ፤ ጾም ነው አልኩ።

"ስንት ቀን ነው የምትጾሙት?" አሉ አዴ ዘሃራ።

"ሃምሳ አምስት።"

"ማታ አትበሉም?"

"እንበላለን፤ ግን ያው ቅቤ የሌለው ነው።"

አዘኑልኝ። "የእኛው ወሩን ቀን ቀን አስርቦ ማታ ወተቱንም ሥጋውንም ይፈቅዳል። የእናንተው ጨካኝ ነው" ብለው ማር በቅጠል አመጡልኝ። ማሩን ስልስ ጉሬዛዎቹም ቀኑብኝ።

ሰኞ

ዘንባባ እኛ የምናውቀው ተቆርጦ፣ ታስሮ፣ ግማሹ ደርቆ ነው። ቆሞ ያየሁት ያን ቀን ነው። በእነሱ ሜጢ ይሉታል። ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር፣ ረግረግ ባለበት፣ ውኃው ጥቁር በሆነበት ቦታ ይበቅላል። ቁመቱ ከእነሱ ጋር ሲተያይ በሰርግ ቤት በትልልቅ ሰው መሃል የቆመ ልጅ ነው፤ የሁለት ሰው፣ የሦስት ሰው ቁመት። ግንዱ ቀጭን ሆኖ ዘንበል ይላል። ብቻውንም አይቆምም፤ ከአንድ ሥር አምስት ስድስት ሆነው ይወጡና በአንድ ጋቢ ውስጥ እንደተኙ ወንድማማቾች ወዲያና ወዲህ ይገፋፋሉ። ብርቱካን የመሰለ ቀለም ያለው ጥቃቅን ፍሬ ያንጠለጥላል፤ ቀመስኩት፣ ፍሬው ቆዳና አጥንት ነው፣ ግን ይጣፍጣል። ቅጠሉ ከግንዱ በሚነሣበት ቦታ ደግሞ እንደ ወስፌ የረዘመ እሾህ አለው። ጌታ በዘንባባ ላይ ሲሄድ አህያዋ እንዴት እንደቻለች እሷ ነች የምታውቀው።

አዴ ዘሃራ በቆረፈደ እጃቸው አሳዩኝ። መሃል ላይ ያልተፈታው ቅጠል፣ ነጣ ብሎ፣ ሰይፍ መስሎ፣ ሰማይ ሰማይ ያያል። እማማ ስህን ዓይን ሳይኖራቸው በትክክል ነግረውኛል። ከአንዱ ግንድ አንድ ብቻ ይቆረጣል። ከየቤተሰቡ ትልቁ፣ "እናት" የሚሉት፣ ጨርሶ አይነካም።

እኔ ቢላዋውን ተቀብዬ በደስታ ገባሁ። የመጀመሪያውን ስቆርጥ እሾሁ ክንዴን ወጋኝ። ሁለተኛውን ስቆርጥ እግሬ ረግረጉ ውስጥ ሰመጠ፣ እስከ ጉልበቴ። ስስትም ያዘኝ፤ የተቆረጠው ጥቂት፣ መንገዱ ሩቅ፣ ምእመናኑ ብዙ። ከአንዱ ግንድ አንዱን ቆርጬ፣ ከሥሩ ያለውን ለስላሳውን ሁለተኛውን ልደግም ቢላዋዬን ስሰነዝር፣ አዴ ዘሃራ "ሂንሙሪን! አትቁረጪ!" ብለው እጄን በጥፊ መቱኝ።

"ይኼ ዛፍ ጉሮሮው አንድ ነው" አሉ። "ያንን ከነካሽው ግንዱ ይሞታል። የዛሬ ዓመት ምን ልታስሩ ነው?"

አፈርኩ። አፍሬ ወደ ኋላ ስል ሁለተኛው እግሬም ሰመጠ። አንዱን ክንዴን አዴ ዘሃራ፣ ሌላውን ሁለት ጎረቤቶቻቸው ይዘው ሲስቡኝ፣ እየሳቁ ስለሚስቡ ኃይል አልነበራቸውም። ጫማዬ እዚያው ቀርቷል። ከጉሬዛዎቹ አንዱ አጥልቆት ይሆናል።

እስከ ቀትር ሁለት እስር ሞላን። በእርጥብ የዛፍ ሽበትና በኮባ ቅጠል ጠቅልለው አሠሩልኝ፤ በዚህ ከተጠቀለለ ሳምንት አይደርቅም። ሐጂ ሁለቱን እስር ያነከሰችዋ በቅሎ ላይ ጫኑና ያንኑ ቀን መንገድ ጀመርን። አዴ ዘሃራ ጫማቸውን አውልቀው ሰጡኝ። ሰፋኝ፤ አልመለስኩትም፤ አላህ ይስጣቸው።

ረቡዕ

ማክሰኞ ማታ ጅማ ገባን፤ ሙሉ ቀን ተሄደ፣ ሌላ የሚነገር የለውም። ረቡዕ ፔፖ ሲመለስ አገኘሁት። ሐጂ ሲሰናበቱኝ፣ "ግቤ ላይ ወረቀቱን አስቀድመሽ አታውጪ፤ ካልጠየቁሽ አትናገሪ" አሉኝ። አለመናገር እንደማልችል አላወቁም።

ሐሙስ

ጠዋት ከአበልቲ ወርደን ግቤ ድልድይ ደረስን። አንድ የጣሊያን ሹም ከጥላው ወጣ፣ ከኋላው ባሻይ ወልዱ። ወረቀቴን አየና ሳቀ። ደስ የማይል ሳቅ ነው። እስሮቹን ከካሚዮኑ አስወረደና ጠመንጃ አለ ብሎ በሳንጃ ወጋጋቸው።

"ቀንሽ አልፏል ይላል" አለ ባሻይ ወልዱ። "ሆሳዕና እሑድ ነበረች፤ የወይራ ቅርንጫፉን እዚያ ድንኳኑ ላይ ሰክቶታል።"

"ሆሳዕና መጪው እሑድ ናት በለው! የእሱ ጸሐፊ በገዛ ቆጠራው ጻፈ እንጂ እኔ መች ዋሸሁ?"

ነገረው። ሹሙ ትከሻውን ነቀነቀና እጁን ወደ ጅማ ዘረጋ። ተመለሺ፣ ዕቃው ይቅር ማለት ነው።

ባሻይ ወልዱ ግን ኮባውን ገለጥ አድርጎ ዘንባባውን እያየ ቀረ። ጣቱን ሰደደና ነጩን ቅጠል ዳሰሰው።

"ሦስት ዓመት" አለ ቀስ ብሎ። "ከዓደይ፣ ከአገሬ ከወጣሁ ሦስት ሆሳዕና። እዚህ አርባ ሰዎች አለን፤ ብዙዎቻችን ተዋሕዶ። አንዱን እስር ስጪን፣ ሹሙን ለእኔ ተዪው።"

አፌ እንደ ልማዱ ቀደመኝ። "ለእናንተ? ባለፈው ዓመት ከጣሊያን ጋር ሆናችሁ ቤታችንን ያቃጠላችሁት እናንተ አይደላችሁም? የጎረቤቴን ባል ከቤቱ የወሰዱት ያንተን ልብስ የለበሱ ነበሩ!"

ፔፖ ሞተሩን አጠፋ። ምን እንዳልኩ አልገባውም፣ ድምፄ ግን ገብቶታል። ባሻይ ወልዱ ጠመንጃውን በሌላው ትከሻው ቀየረ። ይመታኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

"እኔ ያኔ ጉለሌ አልነበርኩም" አለ። ደግሞም፣ "ወንድሜ ነበር" አለ።

ዓይኔን ስገልጥ መሬት መሬት ያያል።

"ልነጥቅሽ እችላለሁ" አለኝ። "የተነጠቀ ዘንባባ ግን ምን ያደርግልኛል?"

ጎረቤቶቼ፣ ያን ጊዜ ምን ማድረግ እንደነበረብኝ እናንተ ስትነጋገሩበት ኖራችኋል። እኔ ያደረግኩት ይህ ነው፤ ትልቁን እስር በእግሬ ወደሱ ገፋሁት። "እንካ" እንኳ አላልኩም።

ወደ ሹሙ ሄዶ ረጅም ነገር ተናገረ። በኋላ እንደነገረኝ፣ "ይህች ሴት ለአስካሪዎቹ በዓል ከጅማ ዘንባባ አምጥታልናለች፤ ብንመልሳት ሰዎቻችን ይከፋቸዋል" ብሎታል። ሹሙ አርባውን አስካሪ አየ፣ እኔን አየ፣ ሙቀቱን ረገመና ወረቀቴን ፈረመ። ማዶናንም አልሰደበም።

ቅዳሜ

ጉለሌ ከሰዓት ገባሁ። ብርዱ አፍንጫዬን ሲቆነጥጠኝ ሳምኩት ማለት ይቀላል። የማኅበሩ ሴቶች እማማ ስህን ቤት ተሰብስበው ጠበቁኝ። እማማ ስህን ኮባውን ፈትተው አንዱን ቅጠል አሸተቱት፣ በጉንጫቸው አሻሹት።

"እሱ ነው" አሉ። "ሰው ሆነሻል።" እጃቸው ግን መሬቱን እየዳሰሰ ቀጠለ። "ሌላውስ?"

"ይኼው ነው።"

"በአንድ እስር ለደብሩ? ሐጂ ይኼን አይልኩም። የት አደረግሽው?"

መንገድ ላይ ስንት ውሸት አዘጋጅቼ ነበር፤ ወንዝ ወሰደው፣ በቅሎ በላው፣ ፔፖ ሸጠው። የሺ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ቢላዋ ይዛ ትሰነጥቃለች። አንዱንም ውሸት ማውጣት አቃተኝ።

"ግቤ ላይ ለአስካሪዎች ሰጠሁት" አልኩ።

የሺ ቢላዋዋን መሬት አስቀመጠች። ፊቷ ላይ ምንም የለም፤ ያ ነው ያስፈራኝ። አንዷ፣ "ውይ ተዋበች፣ በየሺ ላይ?" አለች። ሌላዋ ነጠላዋን አንሥታ ልትወጣ ቆመች።

እማማ ስህን ከእጃቸው ሥራውን አልጣሉም። "ተቀመጪ" አሏት የቆመችውን፣ በነጠላዋ ድምፅ አውቀዋት። "ሆሳዕና ዕለት ዘንባባ ያነጠፉለት እነማን ነበሩ? ዓርብ 'ስቀለው' ያሉት አይደሉ? ከእነሱ እጅ የተቀበለ ጌታ የአስካሪውን ይመልሳል?"

"እሱ ጌታ ስለሆነ ነዋ" አለች የሺ። ከተሰበሰብን የመጀመሪያ ቃሏ ነው።

"አንቺስ?"

እኔ ጣቶቼን ስቆጥር ነበር። የሺ ቢላዋዋን አነሣችና ቅጠሉን እንደገና ለሁለት፣ እንደገና ለአራት ከፈለችው።

"ቀጭን እናድርገው እንግዲያው" አለች። "ካልቀጠነ ለሁሉ አይደርስም።"

እሑድ

ለሁሉ ደረሰ። የራስ ማሰሪያ አልተቻለም፣ መስቀልም ለሕፃናቱ ብቻ ነው፤ ቀለበቱ ግን ለሰው ሁሉ ሆነ፣ ክር ቢመስልም። ያለቀሰ ሕፃን አልነበረም። አለቃ ጣታቸውን ሲዘረጉ እማማ ስህን፣ "የእርስዎን ጥድ ላድርገው?" አሏቸው፤ በመቅደሱ ደጅ፣ ሰው እየሰማ። ከቅዳሴው በኋላ ለሰሙነ ሕማማቱ የሚሆነው ፍትሐት ሲደገም፣ የሺ የባሏን ስም ለቄሱ በጆሯቸው ነገረቻቸው፤ ስሙ ከሙታኑ ጋር ተጠራ።

ማክሰኞ

ስለ ጉዞው ጨርሻለሁ፤ ይህችን ግን ልጨምር። ሰሙነ ሕማማት ገብቶ እንሰግዳለን። ስወድቅ ስነሣ፣ ስወድቅ ስነሣ፣ ቀለበቴ ተበጠሰ። የሺ ከአጠገቤ ነበረች። ግንባሯን መሬት ላይ እንዳደረገች ጣቴን በሰያፍ አየችና፣

"ምን ያድርግ፣ የእስላም ማር በልተሽ ሰብተሽ መጣሽበት" አለችኝ።

ባሏ ከተወሰደ ወዲህ ቀልዳ አታውቅም። ሁለታችንም ከመሬት መነሣት አቃተን፣ ትከሻችን ይንቀጠቀጣል፣ አፋችንን በነጠላችን ጠቅጥቀናል። አለቃ ከፊት ሆነው አዩንና፣ በሴቶቹ እንባ ልባቸው ተነክቶ፣ "እግዚኦ!" ብለው ስግደቱን ከመጀመሪያው አስጀመሩት።